አባ ንጠቅ በጎገቲ

የአገና ሰዎች፣ ሰብሰብ በሉና ስሙኝ። ከእዣ ተነስተው፣ የዘቢዳርን ተራራ ተሻግረው፣ ወደ ቡታጅራ ወገን ሲወርዱ ጎገቲ የሚባል አገር አለ። የምተርክላችሁ እዚያ ስለወደቁ አንድ የጦር አበጋዝ ነው። ስማቸውን ሳትሰሙ አልቀራችሁም፤ ሥራቸውን ግን የነገራችሁ ያለ አይመስለኝም።

አዲስ አበባ የከረመ ሁሉ «ሊሴ ገብረማርያም» ሲባል ሰምቷል። ከድል በኋላ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1947 የተከፈተው የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ነው። ገብረማርያም ማን ናቸው ቢባል ግን ብዙው ሰው ዝም ይላል። ደጃዝማች ገብረማርያም ናቸው፤ በፈረስ ስማቸው አባ ንጠቅ። ከጣሊያን ወረራ በፊት በሐረርጌ አስተዳዳሪ ነበሩ። ጣሊያን ኦጋዴንን በጥቂት በጥቂቱ ሲቆርስ ጦር ይዘው ቆላ የወረዱ ሰው ናቸው። ጠላት የሚመጣበትን መንገድ ከብዙዎቹ ቀድመው አይተውታል ማለት ነው።

ጦርነቱ መጣ፤ 1928 ዓ.ም.። የሰሜኑን ታሪክ ታውቁታላችሁ፤ ተንቤንን፣ ማይጨውን። የደቡቡ ግን ብዙ አይነገርም። በዚያ በኩል የመጣው የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ ነበር፤ አውሮፕላን፣ ካሚዮን፣ የመርዝ ጭስ ይዞ። ታኅሣሥ ላይ በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ሐኪሞች ድንኳን ተክለው ቁስለኛ ሲያክሙ፣ ያንኑ ድንኳን በቦምብ ደበደበው። ጥር ላይ ደግሞ በዚያ በኩል የተሰለፈው የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር በገናሌ ሸለቆ ተፈታ። አገሩ ደረቅ ነው፤ ውሃ ያለው ወንዙ ጋ ብቻ ነው፤ ወንዙን ደግሞ መትረየስ ይጠብቀዋል። በቀናት ውስጥ ነገሌ ቦረና በጠላት እጅ ገባች።

እንዲህ ባለ ሰዓት ነው ንጉሠ ነገሥቱ ደጃዝማች ገብረማርያምን ወደ ሲዳሞ የላኩት። ልብ በሉልኝ፤ ድል ወዳለበት መሄድ ማንም አያቅተውም። እሳቸው የተላኩት ግን የተሰበረ ጦር ወዳለበት፣ የሌላውን ሽንፈት እንዲጠግኑ ነበር። ሄዱ። በዚያ ያለው የወደራ ጫካና ዳገት ለካሚዮን አልመች አለ፤ ጠላት እዚያ ላይ ለወራት ተገታ።

ሚያዝያ ላይ ንጉሡ ከአገር ወጡ፤ አዲስ አበባ ተያዘች። ሮም ላይ ጦርነቱ አለቀ ተብሎ ታወጀ፤ በሲዳሞ ግን አላለቀም ነበር። አንድ ክረምት አለፈ፤ መስከረም ጠባ፤ ይርጋለም የተያዘችው ገና በኅዳር 1929 ነው። ከዋና ከተማዋ መያዝ በኋላ ሰባት ወር ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረው! ከውጭ ጥይት የሚያቀብል የለም፣ የሚልክ መንግሥት የለም፣ ከሰማይ የሚወርደው ቦምብ ብቻ ነው። መገዛት ይቻል ነበር፤ የተገዙም ነበሩ። ሦስቱ አልተገዙም፤ ራስ ደስታ፣ የባሌው ደጃዝማች በየነ መርዕድና ደጃዝማች ገብረማርያም። ሁለቱ የንጉሡ ልጆች ባሎች ናቸው፤ ደስታ የልዕልት ተናኘወርቅ፣ በየነ የልዕልት ሮማነወርቅ። አባ ንጠቅን ግን እንዲህ ያለ ጋብቻ አላሰራቸውም። ስለዚህም ይመስለኛል እኔ ከሦስቱ ይበልጥ የምቆረቆርላቸው።

ከይርጋለም መያዝ በኋላ ማፈግፈግ ሆነ። ከሲዳሞ ደጋ ተነስተው፣ የስምጥ ሸለቆውን ሐይቆች ታክከው፣ ወደ ሰሜን ወደ ጉራጌ ምድር። ራስ ደስታ የተወለዱበት መስቃን እዚያ ነው። ሠራዊቱ በየመንገዱ አልቋል፤ ጠላት ግን ከየአቅጣጫው እየጠበበ ይከተላል። የካቲት ላይ ጎገቲ ደረሱ፤ እዚያም ተከበቡ።

ደጃዝማች ገብረማርያም እየተዋጉ ጎገቲ ላይ ወደቁ። ደጃዝማች በየነ ተማርከው ተገደሉ። ራስ ደስታ ቆስለው አመለጡ፤ የካቲት 17 ቀን ተይዘው በቡታጅራ ተረሸኑ።

አሁን ደግሞ ይህን ስሙ። የጎገቲ ጦርነት የተደረገው አዲስ አበባ ውስጥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተወረወረበት በዚያው ሰሞን ነው። የካቲት 12 ሕዝብ በየቤቱ ሲታረድ፣ ሲቃጠል፣ ስለ ጎገቲ ሊያለቅስ የሚችል ማን ነበር? የከተማው እልቂት የገጠሩን ሞት ሸፈነው። እስከ ዛሬም ሸፍኖታል። በየዓመቱ ስድስት ኪሎ በየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ሥር አበባ ሲቀመጥ፣ በዚያው ሰሞን ከዘቢዳር ማዶ የወደቁትን የሚጠራ አልሰማሁም፤ ይህ ያንገበግበኛል። ራስ ደስታ በአዲስ አበባ ሆስፒታል ተሰይሞላቸዋል፤ አባ ንጠቅ ትምህርት ቤት አላቸው። የሞቱበት ምድር ግን የእኛው ነው።

እናንተ ዘመድ ያላችሁ፣ ወደ ቡታጅራ ለገበያ፣ ለልቅሶ፣ ለሠርግ የምትሻገሩ፣ የጎገቲን ሽማግሌዎች ጠይቁልኝ። ሦስቱ አበጋዞች በየት በኩል ገቡ? ውጊያው የትኛው ሜዳ ላይ ነበር? አባቶቻቸው ምን ነገሯቸው? የሚጽፍ ልጅ ይዛችሁ ሂዱ፤ እነሱ ሲናገሩ እሱ ይጻፍ።