የመምህር ጉዳትና የአገልግሎት ማኅደር

በሥራ ላይ ለተጎዳ መምህር የቀድሞው መጠጊያ ዘመድና ዕድር ነበር። በ1955 ዓ.ም. የታወጀው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ግን የመንግሥትን ሠራተኛ የጉዳት አበል በሕግ አጸና፤ የግል ኮሌጅ ባልደረባም በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 የጡረታ ዐቅድ ተካፋይ ሆነ። ይሁን እንጂ የዚህ መብት ምስክሩ የአገልግሎት ማኅደር ነው።

በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከጦርነት ሸሽተው፣ ተከዜን ተሻግረው በሱዳን ምድር ሐምዳይት ከደረሱት ብዙ ሺሕ ሰዎች መካከል መምህራን ነበሩ። በድንገት የሸሸ ሰው ደግሞ ማስረጃውን ሁሉ ይዞ አይወጣም። ሱዳን በ1966 ዓ.ም. የተቀበለችው የስደተኞች ስምምነት፣ በ24ኛው አንቀጽ፣ በሥራ ጉዳት ለሞተ ስደተኛ የሚገባው ካሳ ተቀባዩ በሌላ አገር በመኖሩ እንዳይቀር ይደነግጋል። እንግዲህ ሕግ ድንበር መሻገርን ካወቀ፣ የማኅደሩን ግልባጭ በሌላ ስፍራ ማኖር የትምህርት ሹማምንት ተግባር ነው።