ሰማዩን ማን ቀባው?

እናቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። እኔ ከመወለዴ በፊት ፎቶ ቤት ገብታ የተነሳችው ነው። ሲነሳ ጥቁርና ነጭ ነበር። ባለፎቶ ቤቱ ግን በቀጭን ብሩሽ ጉንጯን ቀላ፣ ከንፈሯን ደመቅ አድርጎ፣ ቀሚሷን አረንጓዴ ቀብቶ ነው ያስረከባት። በልጅነቴ "ያ አረንጓዴ ቀሚስሽ የት ደረሰ?" ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች። "ምን አረንጓዴ ቀሚስ አለኝና! ቡናማ እኮ ነበር። ሰውዬው አረንጓዴ ያምርብሻል ብሎ ነው" አለችኝ። እኔ ግን እስከ ዛሬ እናቴን በወጣትነቷ ሳስባት በአረንጓዴ ቀሚስ ነው የምትመጣልኝ። ቡናማውን ላየው ብሞክር እንቢ ይለኛል።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ፀጉሬን ልስተካከል ገብቼ የሰማሁት ክርክር ነው። ከመስታወቱ ጎን ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል። ሦስት ግዙፍ ዓምድ የመሰለ ቡናማ ደመና ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከጀርባው አረንጓዴና ሰማያዊ ጭጋግ አለ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ "የፍጥረት ዓምዶች" የሚባለው ነው። ተራውን የሚጠብቅ አንድ ወጣት "ይሄ እኮ የተቀባ ነው! ካሜራው የሚያነሳው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለሙን ኮምፒውተር ላይ ነው የጨመሩበት" አለ። ፀጉር አስተካካዩ እጁን አቁሞ "ናሳ ይዋሻል ነው የምትለኝ?" ሲል ጠየቀ። "ይሄን ካሳመሩ ሌላውንስ ምን ያህል አሳምረውት እንደሆነ በምን ታውቃለህ?" አለ ልጁ። ቤቱ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ።

እኔ ዝም አልኩ። ምላጭ አንገቱ ላይ ያለ ሰው ክርክር ውስጥ አይገባም። ነገሩ ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ምክንያቱም ልጁ መጀመሪያ ላይ የተናገረው እውነት ነው፤ ካሜራው በርግጥም ቀለም አያውቅም። ታዲያ የእናቴን ቀሚስ አረንጓዴ የቀባው ሰውዬና ያንን ደመና አረንጓዴ ያደረጉት ሳይንቲስቶች አንድ ሥራ ነው የሠሩት ማለት ነው?

የቀለም ፎቶ ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ ጥብጣብ ነው። በ1861 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን አዳራሽ ታዳሚ ፊት ቆመ። ቶማስ ሰተን የተባለ ፎቶ አንሺ አንድ ባለብዙ ቀለም ጥብጣብ በጥቁርና ነጭ ደጋግሞ አንስቶለታል፤ አንዴ በቀይ፣ አንዴ በአረንጓዴ፣ አንዴ በሰማያዊ ማጣሪያ እየጋረደ። ማክስዌል ሦስቱን ምስሎች በየማጣሪያቸው በኩል ብርሃን እየሰደደ አንዱን በአንዱ ላይ ደረበ። ጥብጣቡ ከነቀለሙ ግድግዳው ላይ ታየ። ዛሬ በእጃችሁ የያዛችሁት ስልክ ሳይቀር የሚሠራው በዚሁ መላ ነው። ዓይናችን ቀለም የሚለየው በሦስት ዓይነት ሕዋሶች ነውና ሦስት ምስል ይበቃዋል።

አስገራሚው ነገር ወዲህ ነው። የዚያን ዘመን የፎቶ ኬሚካል ቀይ ብርሃን ጨርሶ አይሰማውም ነበር። ታዲያ በቀይ ማጣሪያ የተነሳው ምስል በምን ተአምር ወጣ? መልሱ የተገኘው ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በ1961 ነው። የኮዳክ ተመራማሪዎች ሙከራውን ደግመው ሲሠሩት፣ ቀዩ ማጣሪያ አልትራቫዮሌት ብርሃንም ያሾልክ እንደነበር፣ ቀይ ጨርቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ አልትራቫዮሌት እንደሚያንጸባርቅ አረጋገጡ። እንግዲህ በዓለም የመጀመሪያው የቀለም ፎቶ ላይ ያለው ቀይ፣ የሰው ዓይን ሊያየው በማይችል ብርሃን የተሠራ ነው! ማንም ሊያታልል አስቦ አልነበረም፤ ማክስዌል ራሱም ይህን ሳያውቅ ነው የሞተው።

ወደ ሰማዩ እንሂድ። በ1864 እንግሊዛዊው ዊሊያም ሀጊንስ ብርሃንን እንደ ቀስተ ደመና የሚዘረዝር መሣሪያ ቴሌስኮፑ ላይ ገጥሞ፣ በድራጎን የኮከብ ስብስብ ውስጥ ወዳለች አንዲት ኔቡላ አነጣጠረ። በዚያ ጊዜ ኔቡላ የሚባሉት ጭጋግ መሳይ ነገሮች ሁሉ በርቀታቸው ምክንያት የተድበሰበሱ ከዋክብት ናቸው የሚሉ ብዙ ነበሩ። ከዋክብት ቢሆኑ ኖሮ ሀጊንስ ሙሉ ቀስተ ደመና ማየት ነበረበት። ያየው ግን በጨለማ መካከል የተሰመሩ ጥቂት ደማቅ መስመሮች ነው፤ ዋናውም አረንጓዴ። ይህ የሚያበራ ጋዝ ምልክት ነው። አረንጓዴው መስመር ግን ምድር ላይ ከሚታወቅ ከማንኛውም ንጥረ ነገር ጋር አልገጥም አለ። ስለዚህ "ኔቡሊየም" የሚባል አዲስ ንጥረ ነገር ተፈጠረለት። ኔቡሊየም በወረቀት ላይ ከስድሳ ዓመት በላይ ኖረ። በ1927 አሜሪካዊው አይራ ቦወን፣ ያ አረንጓዴ ከምንተነፍሰው ኦክስጅን የሚወጣ መሆኑን አሳየ፤ ሁለት ኤሌክትሮን የተነጠቀ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ልንሠራው ከምንችለው በላይ ሳስቶ የተዘረጋ ኦክስጅን። ይቺን አረንጓዴ ያዙልኝ፤ ኋላ ትመለሳለች።

ሰው ራሱ በቴሌስኮፕ ቢያይስ? በደብዛዛ ብርሃን ቀለም የሚለዩት የዓይናችን ሕዋሶች ሥራ ያቆማሉ፤ የሚቀረን ጥቁርና ነጩ ነው። መብራት ሲጠፋ ጋቢያችሁ ላይ ያለው ጥለት ቀይ ይሁን ሰማያዊ የማትለዩት ለዚህ ነው። ስለዚህ ከጥቂት ደማቆቹ በቀር ኔቡላዎች በትልቅ ቴሌስኮፕም አመድ ነው የሚመስሉት። "ዓይን የሚያየውን ብቻ አሳዩን" ብንል የሚደርሰን አመድ ነው ማለት ነው።

በ1959 ፓሎማር በሚባለው የካሊፎርኒያ ኦብዘርቫቶሪ ዊሊያም ሚለር በቀለም ፊልም ያነሳቸው የሰማይ ምስሎች ታትመው ዓለምን አስደነቁ። ግን የቀለም ፊልም ችግር ነበረበት። በላዩ የተነባበሩት ሦስት ስስ ሽፋኖች ለሰዓታት ብርሃን ሲቀበሉ እኩል አይደክሙም፤ አንዱ ቀድሞ ይዝላል፤ ቀለሙም ወዳንድ ወገን ያዘነብላል። ሚለር ሚዛኑን ለመመለስ ብዙ መልፋት ነበረበት።

መፍትሔው ወደኋላ፣ ወደ ማክስዌል መመለስ ሆነ። ዴቪድ ማሊን የሚባል፣ መነሻው ኬሚስትሪ የሆነ እንግሊዛዊ በ1975 ወደ አውስትራሊያ ሄዶ ሳይዲንግ ስፕሪንግ ላይ ካለው 3.9 ሜትር ቴሌስኮፕ ጋር መሥራት ጀመረ። የቀለም ፊልሙን ትቶ፣ በሦስት ማጣሪያ የተነሱ ሦስት ጥቁርና ነጭ የመስታወት ሰሌዳዎችን ጨለማ ክፍል ውስጥ ይደርባል። ለራሱ ያወጣው ደንብ ግልጽ ነበር፦ ዓይናችን ደካማ ባይሆን ኖሮ ሊያይ የሚችለውን ቀለም በተቻለ መጠን ማሳየት። የእናቴ ባለፎቶ ቤት ቡናማውን ቀሚስ ሳያነሳ ነው አረንጓዴ የቀባው፤ ማሊን ግን እያንዳንዱን ቀለም በየሰሌዳው ለክቶ ይዞታል።

ከዚያ ወዲህ የመስታወት ሰሌዳው ቀርቶ ብርሃንን በቁጥር የሚመዘግብ ቺፕ መጣ። ቺፑም ቢሆን ቀለም አያውቅም። የስልካችን ካሜራ ባለቀለም የሆነው በእያንዳንዷ ነጥብ ላይ ኢምንት ማጣሪያ ስለተለጠፈባት ነው፤ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ። ይህ ለሠርግ ፎቶ ይበቃል። ከሩቅ ሰማይ በጠብታ ለሚመጣ ብርሃን ግን በየነጥቡ የማይፈለገውን ቀለም መጣል ብክነት ነው። ስለዚህ ጥቁርና ነጭ ካሜራ ይዘው ማጣሪያውን በየተራ ይቀያይራሉ።

አሜሪካ የሚኖር አንድ አብሮ አደጌ ይህን በትርፍ ጊዜው ይሠራል። "ቴሌስኮፑ ጋ አንድ ሌሊት፣ ኮምፒውተሩ ጋ አንድ ሳምንት" ይለኛል። ካሜራው ያመጣው ፋይል መጀመሪያ ሲከፈት ጥቁር ነው፤ ጥቂት ከዋክብት ብቻ ይታያሉ። ክዳኑን ዘግቶ ያነሳቸው ምስሎች አሉት፤ በእነሱ የካሜራውን የራሱን ብናኝ ይቀንሳል። እኩል የበራ ነጭ ነገር ያነሳባቸው ደግሞ የአቧራ ጥላውንና የዳር ጨለማውን ያስተካክሉለታል። ከዚያ ያንኑ ሰማይ ደጋግሞ ያነሳቸውን ይደራርባል። መቶ ምስል ቢደራርብ አሸዋ የመሰለው ብናኝ በአሥር እጅ ይቀንሳል። ቀጥሎ ደብዛዛውን ጎትቶ ያወጣዋል፤ ደማቁ ሳይቃጠል። መጨረሻ ላይ ብቻ ነው ለእያንዳንዱ ማጣሪያ ቀለም የሚሰጠው። "ቀለሙን ማን ይመርጣል?" አልኩት። "እኔ ነኛ!" አለኝ ሳያፍር። "ግን ከሥሩ እጽፋለሁ።"

አሁን ወደ ፀጉር ቤቱ ፖስተር እንመለስ። ምስሉ በ1995 በሀብል ቴሌስኮፕ የተነሳ ነው። ሀብል በ1990 ወደ ሕዋ ሲመጥቅ መስታወቱ ተዛብቶ ተሠርቶ ስለነበር የዓለም መሳቂያ ሆኖ ነበር። በ1993 መጨረሻ ጠፈርተኞች ወጥተው ጠገኑት። ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጄፍ ሄስተርና ፖል ስኮውን ወደ 6,500 የብርሃን ዓመት ገደማ ወደሚርቀው የንስር ኔቡላ ያዞሩት ከዚያ በኋላ ነው። ፍላጎታቸው ፖስተር አልነበረም፤ የአዳዲስ ከዋክብት ብርሃን የተወለዱበትን ደመና እንዴት እንደሚሸረሽር ማየት ነው። ስለዚህ እያንዳንዳቸው የአንድ ጋዝ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉ ማጣሪያዎችን መረጡ። የድኝ ብርሃን በ673 ናኖሜትር፣ የሃይድሮጅን በ656፣ የኦክስጅን በ501። የመጨረሻዋ ያቺው የሀጊንስ አረንጓዴ ናት።

እዚህ ላይ ችግር አለ። ድኝም ሃይድሮጅንም ለዓይን ቀይ ናቸው። እንዳሉ ቢቀቧቸው ሁለቱ ተደባልቀው አንድ ቀይ ይሆናሉ፤ የተለፋበት ልዩነት ይጠፋል። ስለዚህ በሞገድ ርዝመታቸው ቅደም ተከተል ደለደሏቸው፤ ረጅሙ ድኝ ቀይ፣ መካከለኛው ሃይድሮጅን አረንጓዴ፣ አጭሩ ኦክስጅን ሰማያዊ። በሌላ አነጋገር ቀዩን ሃይድሮጅን አረንጓዴ፣ አረንጓዴውን ኦክስጅን ሰማያዊ አደረጉት። የእናቴ ቀሚስ ማለት ይሄ አይደል?

አይደለም፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ፖስተሩ ላይ አረንጓዴው በደመቀበት ሁሉ የሃይድሮጅን ብርሃን እንዳለ ደንቡን የሚያውቅ ሰው ያነባል፤ ወደኋላ መመለሻ መንገድ አለው። ከእናቴ አረንጓዴ ቀሚስ ተነስቶ ግን ወደ ቡናማው የሚያደርስ መንገድ የለም፤ እሷን ካልጠየቁ በቀር።

እንዲህ ስል ግን ለሳይንቲስቶቹ ሙሉ ነጻነት እየሰጠሁ አይደለም። ሕዋ ውስጥ ላይና ታች የለም፤ ዓምዶቹ "ቆመው" የምናያቸው ምስሉን እንዲያ አድርጎ ያቀረበ ሰው ስላለ ነው። ኤልዛቤት ኬስለር የተባሉ ተመራማሪ በ2012 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የሀብል ምስሎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካን ምዕራብ ተራሮችና ሸለቆዎች ከሳሉ ሠዓሊዎች ሥራ ጋር እንደሚመሳሰሉ በዝርዝር አሳይተዋል። ደንቡ ቀለሙን ይደለድላል፤ ምን ያህል ይድመቅ፣ የቱ ይጉላ የሚለው ግን የሰው ጣዕም ነው።

ከሁሉ የከፋው ደንቡ ሲጠፋ ነው። ቮየጀር 2 በ1989 በኔፕቲዩን አጠገብ ሲያልፍ የላካቸው ምስሎች ደመናውና ነፋሱ ጎልቶ እንዲታይ ተብሎ ቀለማቸው ተጠናክሮ ነበር። የዚያን ጊዜ መግለጫ ይህንኑ ይናገራል። ምስሉ ግን ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ መግለጫው መንገድ ላይ ወደቀ። ልጆቻችን ኔፕቲዩን ጥልቅ ሰማያዊ፣ ዩራነስ ፈዛዛ ነው ብለው ተማሩ። በጥር 2024 የኦክስፎርዱ ፓትሪክ ኧርዊንና ባልደረቦቹ መረጃውን እንደገና ሚዛን ላይ አስቀምጠው ሁለቱ ፕላኔቶች ተቀራራቢ፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴማ ሰማያዊ መሆናቸውን አሳዩ። ባለሙያዎቹ ድሮም ያውቁታል፤ ያልሰማው ሌላው ሕዝብ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ! የፀጉር ቤቱ ልጅ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ምን ይል እንደነበር እገምታለሁ፤ አልፈርድበትምም።

በሚቀጥለው ወር ፀጉሬን ልቆረጥ ስሄድ ተጠግቼ የፖስተሩን ግርጌ አየሁ። የትኛው ቀለም የትኛው ጋዝ እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ፈልጌ ነበር። ከታች የሚታየው የፊደላት አናት ብቻ ነው፤ ያተመው ሰው ወረቀቱ እንዲበቃው ሌላውን ቆርጦታል።

እሑድ እናቴ ቤት ሄጄ ፎቶውን ከግድግዳው አወረድኩና ከጀርባው በእስክሪብቶ "ቀሚሱ ቡናማ ነበር" ብዬ ጻፍኩ። መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። "ኧረ ተወው፤ አረንጓዴው ይሻለኛል" አለችና መልሼ እንድሰቅለው አዘዘችኝ።