አንጎሉ የተቀየረለት ኪቦርድ

በጥር 1983 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያዋ አናሃይም ከተማ በተካሄደ የሙዚቃ መሣሪያዎች ዐውደ ርዕይ ላይ፣ የሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ኪቦርዶች በአንድ ቀጭን ገመድ ተገናኙ። የአንዱ ቁልፍ ሲነካ ሌላውም አብሮ ጮኸ። አንደኛው የጃፓኑ ሮላንድ ጁፒተር 6 ሲሆን ሌላኛው የአሜሪካው ሲኩዌንሻል ሰርኪትስ የሠራው ፕሮፌት 600 ነበር። ዛሬ በየስቱዲዮው ኪቦርድን ከኮምፒውተር የሚያግባባው ሚዲ በአደባባይ የታየው ያኔ ነው። ለዚህ ሥራቸው የሲኩዌንሻሉ ዴቭ ስሚዝና የሮላንዱ ኢኩታሮ ካኬሃሺ በ2013 የቴክኒክ ግራሚ ተሸለሙ።

ፕሮፌት 600 ግን እንደ ታላቅ ወንድሙ አልተወደሰም። ስሚዝ በ1978 ያወጣው ፕሮፌት 5 የዘመኑ ምርጥ ሙዚቀኞች የሚመኙት መሣሪያ ነበር፤ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ውድ። 600 በ1,995 ዶላር ብዙዎች እንዲገዙት ታስቦ የተሠራ ነው። ዋጋው እንዲቀንስ የተደረገበት መንገድ ግን ለሠላሳ ዓመት ያህል ስሙን አጎደፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፁን የሚያመነጩት ስድስት የአናሎግ ሰርኪዩቶች ናቸው፤ ጥራታቸውም አያሳማም። የሚያዛቸው ዜድ80 የተባለ ማይክሮፕሮሰሰር ሲሆን፣ ዜድ80ን የሚመራው ደግሞ በቺፕ ላይ ተጽፎ የተቀመጠ ፕሮግራም፣ ማለትም ፈርምዌር ነው። በሌሎች ብዙ አናሎግ ሲንተሳይዘሮች ድምፁ በምን ፍጥነት እንደሚነሣና እንዴት እየደከመ እንደሚጠፋ የሚወስን ራሱን የቻለ ሰርኪዩት አለ። በ600 ላይ ይህ ሥራም ለፕሮግራሙ ተሰጠ። ዜድ80 በሴኮንድ አራት ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፤ ቀላሉ ትእዛዝ እንኳ አራት ምት ይፈጅበታል። ስለዚህ በሴኮንድ ከአንድ ሚሊዮን ትእዛዝ በላይ መፈጸም አይችልም። በዚህ አቅሙ የተጫነውን ቁልፍ ማንበብ፣ ስድስቱን ድምፆች አንድ በአንድ ማስተካከልና የሚዲውን መልእክት መቀበል ነበረበት። አልቻለም። ፈጥኖ መነሣት የሚገባው የባስ ድምፅ እየዘገየ ወጣ፤ የድምፁን ቃና የሚቀይረውን ማጣሪያ በቀስታ የሚያዞር ሰውም ለስላሳ ለውጥ ሲጠብቅ ደረጃ በደረጃ የሚዘልል ድምፅ ሰማ። ገዢዎች ጥፋቱን በመሣሪያው ድምፅ ላይ አሳበቡ። ድምፁ ግን ከመነሻውም ጤነኛ ነበር።

በዚያው ዓመት ያማሃ ዲኤክስ7ን በተመሳሳይ 1,995 ዶላር አወጣ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቻውኒንግ ባገኘው ኤፍኤም የተባለ የድምፅ ማመንጫ ዘዴ የሚሠራው ይህ ዲጂታል መሣሪያ በአንድ ጊዜ 16 ድምፅ ያወጣል፤ ገበያውንም ጠራርጎ ወሰደ። የእኛም ሙዚቃ በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ከቀሩ በኋላ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ የቀረጹት «ሸሞንሟናዬ» አኮርዲዮንን ከሮድስ ፒያኖ፣ ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከዚሁ ዲኤክስ7 ጋር ያጣመረ ሥራ ነው። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ሲወጣ ዓለም ሁሉ አደነቀው።

ሲኩዌንሻል ግን ፉክክሩን መቋቋም አልቻለም። በ1987 ንብረቱ ለያማሃ ተሸጠ፤ ፕሮፌት 600ዎችም በየመጋዘኑና በየሰው ቤት አቧራ ለበሱ።

ሁኔታው የተቀየረው መሣሪያው ከወጣ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ከኩባንያው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው አንድ ፕሮግራመር የድሮውን ፕሮግራም ከመጠገን ይልቅ ከባዶ ተነሥቶ አዲስ ጻፈ። አዲሱ ፕሮግራም የሚሠራው ቲንሲ++ 2.0 በተባለች አነስተኛ ቦርድ ላይ ነው። የጥገና ባለሙያ ዜድ80ን ከመሰኪያው ነቅሎ፣ ቦርዷን እግር አበጅቶላት በዚያው ባለ 40 ቀዳዳ መሰኪያ ላይ ይሰካታል። የቲንሲዋ ፕሮሰሰር በሴኮንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ ሲሆን አብዛኛውን ትእዛዝ በአንድ ምት ይፈጽማል። የዘገየው ባስ ፈጠነ፣ የሚዘልለው ማጣሪያ ለሰለሰ። ከስድስቱ የድምፅ ሰርኪዩቶች አንዱም አልተነካም። ያልወደደው ሰው አሮጌውን ቺፕ መልሶ መሰካት ይችላል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ ሥራው የተሰጠበት መንገድ ነው። የፕሮግራሙ ኮድ ለማንም ክፍት ሆኖ በነጻ ተለቀቀ፤ ሌሎችም ቀጠሉበት። በ1980ዎቹ የኪቦርድ ፈርምዌር የሚጻፈው በአብዛኛው ኢፒሮም በሚባል፣ አናቱ ላይ የኳርትዝ መስታወት መስኮት ባለው ቺፕ ላይ ነበር። ለመቀየር ቺፑን አውጥቶ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ማጥፋትና በልዩ መሣሪያ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል። አሁን ግን ቲንሲዋ አንዴ ከተሰካች በኋላ ማሻሻያው ከኮምፒውተር በሚዲ ገመድ ይላካል። በአናሃይም የታየው ገመድ የራሱን መሣሪያ ለማደስ በቃ።

ይህ ለእኛ ከመዝናኛ ያለፈ ትርጉም አለው። የክራርና የማሲንቆ ቅኝት የፒያኖን ኦክታቭ በእኩል ከሚከፍሉት አሥራ ሁለት ድምፆች ጋር በልክ አይገጥምም። የመጀመሪያው ዲኤክስ7 ይህን አከፋፈል የሚቀይርበት መንገድ አልነበረውም፤ እያንዳንዱን ኖታ ለብቻው መቃኘት የተቻለው በ1987 በወጣው ዲኤክስ7 ቱ ላይ ነው። ኪቦርድ በሙዚቃችን ከነገሠ ወዲህ ጆሯችን ባቲንና አንቺ ሆዬን በፋብሪካ ልክ መስማት ለምዷል። ድምፁ በፕሮግራም የሚታዘዝ መሣሪያ ግን ፕሮግራሙ ከተከፈተ የእኛንም ቅኝት ሊማር ይችላል። ይህን የሚሠራው ያማሃ ወይም ሮላንድ ይሆናል ብዬ አልጠብቅም። ክራር መቃኘትም ኮድ መጻፍም የሚያውቅ ወጣት ነው የሚያስፈልገው።

ዴቭ ስሚዝ በ2015 የሲኩዌንሻልን ስም ከያማሃ መልሶ አገኘ፤ በ2022 ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ፕሮፌት 600ዎቹ ዛሬም ይጫወታሉ።

ቤታችሁ ወይም የባንዳችሁ መጋዘን ውስጥ የ1980ዎቹ ኪቦርድ ካለ አትጣሉት። ብዙዎቹ የተቀመጠላቸውን ድምፅ የሚይዙት በውስጣቸው ባለች ትንሽ ባትሪ ነው፤ እሷ ስትሞት ሙዚቀኛው ዓመታት የደከመባቸው ድምፆችም አብረው ይጠፋሉ። ኪቦርዱ ሚዲ ካለው መጀመሪያ ድምፆቹን በእሱ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ፤ ከዚያ ባትሪውን ለባለሙያ ሰጥታችሁ አስቀይሩ። ፈርምዌሩን የማደሱ ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።