ከበርበሬው ሥር የተቀመጠው ቅጠል

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ መንደሮች ከመፍረሳቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ባደግሁበት ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት አስጠሩኝ። ሕግ የተማረ ሰው በሰፈር ሲገኝ ለውርስና ለኪራይ ጭቅጭቅ መጠራቱ የተለመደ ነውና፣ የቤት ካርታ የሚያሳዩኝ መስሎኝ ሄድኩ። ያገኘኋቸው ግን ሰፌድ ላይ የጫት ቅጠል ሲያሰጡ ነው።

"አሜሪካ ላለው ልጄ ነው። ሌሊት ታክሲ ይነዳል፣ እንቅልፍ ይጥለዋል። ከሽሮውና ከበርበሬው ጋር ሰው ይዞለት ይሄዳል፤ 'አረንጓዴ ሻይ' ብለን ብንጽፍበት ምን አለው?" አሉኝ።

እኚህ እናት ቅመው አያውቁም። ለእሳቸው ቅጠሉ እንደ ድርቆሹ ሁሉ የእናት ስንቅ ነው። እኔም ብሆን ጫትን የማወግዝ ሰው አይደለሁም፤ በዩኒቨርሲቲ ዘመኔ የፈተና ሰሞን ያለ በለጬ ያለፈ ጓደኛ ብዙ አላስታውስም። የሰው ልጅ ከአገሩ ሲወጣ ግን ቅጠሉ ስሙ ይለወጣል።

በእኛ አገር ጫት ሕጋዊ ነው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 767 ኤክሳይዝ ታክስ ይከፈልበታል። ለውጭ ገበያ ቀርቦም በአንዳንድ ዓመታት ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ዓለም አቀፉ ሕግም ቢሆን ተክሉን በስም አልከለከለም። የተባበሩት መንግሥታት የ1971 (እ.ኤ.አ.) ስምምነት የሚቆጣጠረው በቅጠሉ ውስጥ ያሉትን ካቲኖንና ካቲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2006 ጫትን መርምሮ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ይግባ አላለም።

አሜሪካ ግን ካቲኖንን ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ አስቀምጣዋለች። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን እየተለወጠ ይሄዳል፤ በአግባቡ ሲደርቅ ደግሞ የተወሰነው ሳይለወጥ ይቆያል። ስለዚህ "ደርቋል እኮ" የሚለው መከራከሪያ ብዙ አያስኬድም፤ ካቲኑም ቢሆን ቁጥጥር አለበት። የአሜሪካ ጉምሩክ ከኢትዮጵያ በፖስታ የሄደ፣ ሻይ ወይም ሂና ተብሎ የተጻፈበት ደረቅ ጫት በተደጋጋሚ ይዟል። የውሸት ጽሑፉ ራሱ ላኪው ያውቅ ነበር ለማለት ማስረጃ ይሆናል።

ዋናው አደጋ እስሩ አይደለም። ግሪን ካርድ ብቻ የያዘ ሰው ቁጥጥር በሚደረግበት ዕፅ ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ሕጉ በዚህ ረገድ የሚያልፈው ለግል ጥቅም የተያዘን እስከ 30 ግራም የሚደርስ ማሪዋና፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለጫት እንዲህ ያለ ይቅርታ የለም። በአንድ ጥቅል ቅጠል ምክንያት አባት ወዲህ፣ ሚስትና ልጆች ወዲያ ይቀራሉ ማለት ነው። ስንቁን በአደራ የያዘው መንገደኛም ከጣጣው አያመልጥም።

ለንደን ለረጅም ዓመታት ሌላ ነበረች፤ ጫት በግልጽ ይሸጥ ነበር። የመንግሥት አማካሪ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2013 አይከልከል ብሎ ነበር፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ቴሬሳ ሜይ ምክሩን አልተቀበሉም፤ ከሰኔ 24 ቀን 2014 ጀምሮ ተከለከለ። እዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ ይዞ የተገኘ በማስጠንቀቂያ፣ ለሁለተኛው በ60 ፓውንድ ቅጣት ሊታለፍ ይችላል። አንዱ ቅጠል በሦስት አገር ሦስት ነገር ሆነ።

ከቤተሰብ በሚላክ ጥቅል መቸገር የሐበሻ ዕጣ ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2015 የቶዮታ ከፍተኛ ኃላፊ የነበሩት አሜሪካዊቷ ጁሊ ሃምፕ ከአሜሪካ በተላከ ፖስታ ውስጥ ኦክሲኮዶን የተባለ የሕመም ማስታገሻ በመገኘቱ ጃፓን ውስጥ ታሰሩ። ክስ ሳይመሠረትባቸው ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ቢለቀቁም ሥራቸውን ግን ለቅቀው ነበር። በአሜሪካ ሐኪም የሚያዝዘው ይህ ክኒን ጃፓን ለመግባት ቅድሚያ ፈቃድ ይፈልጋል። ትኩረት ማሰባሰብ ለሚቸገሩ ልጆች የሚታዘዘው አደራል ደግሞ በሐኪም ወረቀትም አይገባም። ልጅ ይዞ ቶኪዮ ለሥራ የሚሄድ ቤተሰብ ይህን ከቪዛው በፊት መጠየቅ አለበት። ካናቢስን መጠቀም በራሱ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ እስከ 7 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ሆኗል።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ስልክ ደወልንና ልጃቸውን አነጋገርነው። እሱ ሳይሆን ከጎኑ የነበረው የሃያ ሁለት ዓመቱ ልጁ በተሰባበረ አማርኛ "አያቴ፣ ድራግ ነው!" አላቸው። አባትየው ተናዶ "እሱ የሚያጨሰውስ?" አለ። በሚኖሩበት ግዛት ማሪዋና ተፈቅዷል፤ በፌዴራሉ ሕግ ግን አልተፈቀደም። ልጁ በዚያ ክረምት አያቱን ሊጠይቅ ሊመጣ ነበርና፣ ለእሱም የወንጀል ሕጋችንን አንቀጽ 525 አስረዳሁት፤ እዚያ ከሱቅ በደረሰኝ የገዛው ከረሜላ ቦሌ ሲደርስ የሚጠብቀው ይኸው አንቀጽ ነው። ለጊዜው ዝም አለ። አባትና ልጅ አንዳቸው የሌላውን ቅጠል ሲጠየፉ እናት መሐል ሆነው ሰፌዱን ያዩ ነበር።

በመጨረሻ ቅጠሉን ከበርበሬው ሥር አውጥተው በቦታው በሶ ሞሉበት። የደረቀውን ለሰፈሩ ዘበኛ ቢሰጡት "እትዬ፣ ደረቅ ማን ይቅማል?" ብሎ መለሰላቸው።