ሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም (ወልድያ)

ሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም በሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ በወልድያ የሚገኝ ስታዲየም ነው። ጥር 6 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፈተ። የሚይዘው ተመልካች አብዛኛውን ጊዜ 25,155 ተብሎ ይጠቀሳል፤ በደፈናው 25 ሺህ የሚሉም አሉ። የወልድያ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ሜዳ ነው። በደቡብ ወሎ ለሐይቅና ለአምባሰል ነዋሪዎች የደሴው ሆጤ ሜዳ በርቀት የሚቀርብ ቢሆንም፣ በመጠን የወልድያው ይበልጣል። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜው

ስታዲየሙ የተሰየመው ወጪውን በሸፈኑት ባለሀብት ስም ነው። ሼህ መሐመድ በ1938 ዓ.ም. ገደማ ከየመናዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ተወለዱ፤ በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄዱ። የትውልድ ቦታቸውን በተመለከተ ግን የሚነገረው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዶች ደሴ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ወልድያ ያደርጉታል። ደሴ ተወልደው ወልድያ አደጉ የሚለው ሁለቱን ስለሚያስታርቅ ይመስላል፣ ይበልጥ ተቀባይነት ያገኘው ይኸኛው ነው።

ጉዳዩ እንደ ተራ የሕይወት ታሪክ ዝርዝር ሊታይ አይገባም። ደሴ የወሎ ትልቋ ከተማና የቀድሞው ክፍለ ሀገር መቀመጫ ሆና ሳለ፣ ይህን የሚያህል ስታዲየም ወልድያ ላይ መሠራቱ በቀላሉ የሚገባው ወልድያ ያደጉባት ከተማ መሆኗ ሲታወቅ ነው። በቀድሞው አስተዳደር ወልድያ የየጁ አውራጃ ከተማ ነበረች፤ አምባሰልም ራሱን የቻለ አውራጃ ነበር። ሁለቱም በአንድ ወሎ ሥር ሲተዳደሩ ኖረው ዛሬ በሁለት ዞን ተከፍለዋል። የሐይቅ ወይም የአምባሰሏ ውጫሌ ሰው ስታዲየሙን «የወሎ ነው» ቢል ከዞን ወሰን ይልቅ ይህን የቆየ አንድነት መያዙ ነው፤ አባባሉም ትክክል ነው።

ግንባታ

ወጪው ከ560 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነ በምርቃቱ ወቅት ተገልጿል።

ክለቡና ሊጉ

ወልድያ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የተወዳደረው በ2007 ሲሆን በዚያው ዓመት ወረደ። ለ2009 የውድድር ዘመን ከፋሲል ከነማ፣ ከአዲስ አበባ ከተማና ከጅማ አባ ቡና ጋር ተመልሶ አደገ። ስታዲየሙ የተከፈተው ታዲያ ሊጉ ከተጀመረ በኋላ፣ በዘመኑ አጋማሽ ነው።

ቀጣዩ ዓመት፣ 2010፣ ክፉ ዓመት ሆነ። ጥቅምት 25 ቀን ሼህ መሐመድ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ታሰሩ፤ የተፈቱት ጥር 19 ቀን 2011 ነው። ከእስሩ አንድ ወር ያህል ቆይቶ ኅዳር 24 ቀን ወልድያ ከተማና መቀሌ ከተማ ሊጋጠሙ በነበረበት ዕለት ከጨዋታው በፊት በደጋፊዎች መካከል ግጭት ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ጨዋታውም አልተካሄደም። ጥር 12 ቀን፣ በቃና ዘገሊላ፣ በከተማዋ በጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ሰዎች ተገደሉ። ይህኛው ከእግር ኳስ ጋር ባይገናኝም በዚያ ዓመት ከተማዋ የነበረችበትን ሁኔታ ያሳያል። ክለቡ በውድድሩ ማብቂያ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ስለዚህ ስታዲየሙ በዚያ ዘመን አንድም ሙሉ የፕሪሚየር ሊግ ዓመት ያለ መስተጓጎል አላስተናገደም ማለት ይቻላል። ይህን ለሚያህል ሜዳ አሳዛኝ ታሪክ ነው።

የአዲስ አበባ ስታዲየም በረጅም ዕድሜው ካታንጋን፣ ሚስማር ተራን፣ ከማን አንሼን፣ ጥላ ፎቅን የመሳሰሉ ሕዝብ ያወጣቸው የቦታ ስሞች አፍርቷል። እንዲህ ያለው ስም ተመልካች በየሳምንቱ እየተመላለሰ፣ ከማን ጎን እንደሚቀመጥ ሲለምድ የሚጸና ነው። ለወልድያው ስታዲየም ለዚያ የሚበቃ ጊዜ የተሰጠው አይመስልም።

ከ2013 ወዲህ ደግሞ የሊጉ አሠራር ራሱ ተለወጠ። ጨዋታዎች በቀጥታ በቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምሩ ቡድኖች በየከተማቸው መጫወታቸው ቀርቶ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች በዙር መሰባሰብ ጀመሩ፤ በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ አስተናገዱ። ለስርጭቱ አመቺ ቢሆንም፣ ደጋፊ ከሜዳው ጋር የነበረውን ትስስር ጎድቷል።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ

ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች። ጦርነቱ ውጫሌና ሐይቅም ደርሷል።

በሐይቅና በአምባሰል

ሐይቅ የተሁለደሬ ወረዳ፣ ውጫሌ የአምባሰል ወረዳ ከተማ ነው። የመጀመሪያው በሐይቁና በእስጢፋኖስ ገዳም፣ ሁለተኛው በ1881 በተፈረመው የውጫሌ ውል ይታወቃሉ። ሁለቱም ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ናቸው። ከሐይቅ ወልድያ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ውጫሌን ካለፈ በኋላ ወደ ውርጌሳና መርሳ ቆላ ይወርዳል፤ ከዚያ በሲሪንቃ አልፎ ወልድያ ይገባል። ከሰዓት በኋላ የሚደረግ ጨዋታ ለማየት የሐይቅ ሰው ጠዋት መነሣት አለበት። ችግሩ መልሱ ላይ ነው፤ ሜዳው ሲበተን ይመሻል፣ መኪና ይጠፋል፤ ወልድያ ዘመድ የሌለው አልጋ ይከራያል ወይም መርሳ ያድራል።

በአምባሰል ብዙ ሕዝብ በአንድ ቦታ የሚሰበሰበው ከጥንት ጀምሮ በገበያና በንግሥ ነው። መስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚወጣው ምእመን ከየትኛውም ስታዲየም ተመልካች ይበዛል። ስታዲየሙ ያመጣው አዲስ ነገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ትኬት፣ አንድ ቡድን ለመደገፍ የሚቀመጡበት ቦታ መሆኑ ነው። ወሎ ለዚህ ባዳ አይደለም፤ በለቅሶውም በሠርጉም ሲያደርገው የኖረ ነው። ኳሱ በየሳምንቱ የሚደጋገም ምክንያት ሰጠው፤ የቆየው ግን ለአጭር ጊዜ ነው።

አሁን በሐይቅና በውጫሌ ብዙው ወጣት ኳስ የሚያየው በዲኤስቲቪ ቤት ነው፤ የእንግሊዝ ቡድኖችን ተጫዋቾች ስም በቃሉ ያውቃል። የሊጉ አወዳዳሪዎች የአስተናጋጅ ከተሞችን ዝርዝር ሲያወጡ ወልድያንም ቢያስቡ፣ ከደሴ እስከ ቆቦ ያለው ደጋፊ የአገሩን ሊግ በዓይኑ ያያል። በ2009 እና በ2010 ስታዲየሙ ገብታችሁ የነበራችሁ የሐይቅ፣ የውጫሌና የመርሳ ሰዎች ትኬታችሁንና ፎቶዎቻችሁን አትጣሉ፤ የዚህ ሜዳ ታሪክ ገና ብዙ ምስክር ይፈልጋል።