የኮልፌ ሥልጠና (1962)

ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሻለቃ ሰፈር የወሰዱት ወታደራዊ ሥልጠና። ዛሬ የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ አካል የሆነው ኮልፌ፣ በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ዳር ነበር።

ዕቅዱ የስድስት ወር ነበር። ማንዴላ የጦር መሣሪያ አያያዝ፣ የፈንጂ አጠቃቀምና ረጅም የእግር ጉዞ ተለማመዱ፤ ሆኖም ድርጅታቸው በአስቸኳይ ስለ ጠራቸው ሥልጠናው ተቋረጠ። የፖሊስ መኮንኑ ታደሰ ብሩ ሲሸኟቸው ሽጉጥ ሰጧቸው። ማንዴላ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን 1962 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተያዙ።

ጉዳዩ በምስጢር የተያዘ ስለነበር በጊዜው ለኢትዮጵያ ገጽታ የጨመረው ነገር አልነበረም። ዓለም በሰፊው ያወቀው የማንዴላ ግለ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲታተም ነው። እዚያው ላይ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሲበሩ አብራሪው ጥቁር መሆኑን አይተው መደንገጣቸውን፣ ወዲያውም በራሳቸው ድንጋጤ መገረማቸውን ጽፈዋል። ለሕዝብ ዲፕሎማሲ ይህ የአየር መንገድ ትዝታ ከብዙ የቱሪዝም መፈክር ይበልጣል፤ የመሰከረው እንግዳው ራሱ ነውና።

ይህ ታሪክ ሲወደስ የሚዘለል ገጽም አለ። ታደሰ ብሩ በሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር እንቅስቃሴያቸው ሞት ተፈርዶባቸው ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ደርግ ረሸናቸው።