የውጭ አገር የድኅረ ምረቃ ተማሪ በበርሊን

በርሊን ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት የሄደ የውጭ አገር ተማሪ ኑሮው መልክ መያዝ የሚጀምረው አንሜልዱንግ በተባለው የአድራሻ ምዝገባ ነው። በጀርመን ሕግ ቤት የገባ ሰው በ2 ሳምንት ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የአከራዩ የጽሑፍ ማረጋገጫ ግዴታ ሆኗል። የግብር መለያ ቁጥሩም ከምዝገባው በኋላ በፖስታ ይመጣል። የሚያስጨንቀው ቤቱ ነው። ለአጭር ጊዜ ከሚያከራዩት መካከል ማረጋገጫውን ለመጻፍ እሺ የማይሉ ስላሉ፣ ቀብድ ከመክፈል በፊት ይህን አስረግጦ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቤቱ ከተገኘ በኋላ ደግሞ የፖስታ ጉዳይ አለ። አፓርታማዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የበር ቁጥር የላቸውም፤ ፖስተኛው የሚያየው በፖስታ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ስም ነው። ስሙ ከሌለ የባንክ ካርዱም ወደ ላኪው ይመለሳል። ኢትዮጵያዊ ተማሪ በተለይ በፓስፖርቱ የቤተሰብ ስም ሆኖ የተመዘገበውን የአባቱን ወይም የአያቱን ስም መለጠፍ አለበት፤ ደብዳቤው የሚጻፈው በዚያ ነውና።